የፍጥነት ቆጣሪው ዜሮ ላይ ሲቀር፦ ካምቢዮ ከመቀየርዎ በፊት ሽቦውን ያስመርምሩ

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት አባቴ በመኪናቸው ወደ ሥራ አደረሱኝ። በዚያን ቀን ቤታቸው ሄጄ የምጎበኛቸው አዛውንት የሚኖሩት ኢየሩሳሌም መሐል ከተማ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ነው። መንገዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በግራና በቀኝ የድንጋይ ግንብ አለው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩትና አፄ ምኒልክ ያስፈጸሙት ክቡ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውም እዚያው ነው። ጠባብ ስለሆነ በፍጥነት የሚነዳበት የለም፤ ቆጣሪውን የሚያይም የለም።

ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ አባቴ ጠብቀውኝ ነበር። ወደ ሃነቪኢም መንገድ ወጥተን መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ዓይኔ ዳሽቦርዱ ላይ ዐረፈ። መኪናው ይሄዳል፤ የፍጥነት ቆጣሪው መርፌ ግን ዜሮ ላይ ተኝቷል።

«አባ፣ ቆጣሪው አይሠራም እንዴ?» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና «አንቺም ነው የማይታይሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ነገሩ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። መርፌው መጀመሪያ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይል ጀመር፤ ቀጥሎ ጭራሽ ቀረ። አባቴ የስኳር ሕመም ስላለባቸው «ዓይኔ ደከመ» ብለው አሰቡ። ለእኔ ቢነግሩኝ ሐኪም ዘንድ እንደምወስዳቸው ያውቃሉ። ሐኪሙ ደግሞ መንጃ ፈቃዳቸው እንዲነጠቅ ያደርጋል ብለው ፈሩ። የሌሊት ጥበቃ ሥራቸው የሚያልቀው አውቶቡስ በሌለበት ሰዓት ነው፤ ያለ መኪና ሥራው የለም። ስለዚህ ዝም ብለው ከፊታቸው ያለውን መኪና እየተከተሉ ይነዱ ነበር።

እንዲህ ዝም የሚሉ ወላጆች ብዙ እንደሆኑ ከሥራዬ ስለማውቅ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ጻፍኩ። እኔ ነርስ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን የአባቴን መኪና ያስተካከለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን አጠገቡ ቆሜ እንድጠይቅ ፈቅዶልኝ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ጉዳዩን አንብቤዋለሁ። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ቆጣሪው ሞተ ማለት ሴንሰሩ ሞተ ማለት አይደለም፤ ካምቢዮው አለቀ ማለትማ ጨርሶ አይደለም። ምርመራው ገንዘብ ከማይጠይቀው ጀምሮ በየተራ ይደረግ።

ሴንሰሩ ምን ይሠራል?

በድሮ መኪኖች ከካምቢዮው፣ እዚህ ሀገር ጊር ከምንለው ክፍል፣ እስከ ዳሽቦርዱ ድረስ እየተሽከረከረ የሚሄድ የብረት ገመድ ነበረ። ገመዱ ቆጣሪው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያሽከረክራል፣ ማግኔቱም መርፌውን ይስባል። ይህን ዓይነት ቆጣሪ ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትዘ በ1902 በስሙ አስመዝግቦታል። ገመዱ ሲበጠስ መርፌው ይወድቃል፤ ሌላው የመኪናው ክፍል ግን አይነካም ነበር።

ቆየት ብሎ ገመዱ ቀርቶ በቦታው የኤሌክትሪክ ሴንሰር ገባ። ሴንሰሩ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ በብዙ አሮጌ መኪኖች የሚገኘው ካምቢዮው ላይ ተሰክቶ ነው። ሥራው መቁጠር ነው። ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ሲዞር ሴንሰሩ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። በብዙ የጃፓን መኪኖች የቆጣሪው ዘንግ በ1 ኪሎሜትር 637 ጊዜ ይዞራል። ሴንሰሩ በእያንዳንዱ ዙር 4 ምት ከላከ በ1 ኪሎሜትር 2,548 ምት ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና 1 ኪሎሜትሩን በ1 ደቂቃ ስለሚጨርስ፣ ኮምፒውተሩ በደቂቃ 2,548 ምት ሲደርሰው «60 ነው» ይላል። እኛ ነርሶች የታማሚውን እጅ ይዘን ምት እንደምንቆጥረው ማለት ነው።

ችግሩ ይህን ምት የሚፈልገው መርፌው ብቻ አለመሆኑ ነው። የተጓዘውን ኪሎሜትር የሚመዘግበው ቆጣሪ ይፈልገዋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ መቼ ማርሽ እንደሚቀይር የሚያውቀው በእሱ ነው። ክሩዝ ኮንትሮልም ያለ እሱ አይሠራም። በአንዳንድ መኪና መሪው ሲቀል ወይም ሲከብድ፣ ሞተሩም ለመቆም ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱን ከዚሁ ምት ነው የሚጠይቁት።

በአዳዲስ መኪኖች ይህ ለብቻው የተሰካ ሴንሰር ላይኖር ይችላል። ፍጥነቱ የሚታወቀው በየጎማው ካሉት የኤቢኤስ ፍሬን ሴንሰሮች ነው። ስለዚህ መካኒኩን በመጀመሪያ «የእኔ መኪና ፍጥነቱን ከየት ነው የሚያነበው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምልክቶቹ

የፍጥነት ምት ሲጠፋ ወይም ሲዛባ ከሚከተሉት አንዱ ወይም ብዙዎቹ ይታያሉ፦

• መርፌው ዜሮ ላይ ይቀራል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም በድንገት ከፍና ዝቅ ይላል።
• የኪሎሜትር ቆጣሪው መጨመር ያቆማል።
• አውቶማቲክ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ይመታል፣ ይዘገያል ወይም አንድ ማርሽ ላይ ይቀራል።
• ክሩዝ ኮንትሮል አይሠራም።
• የሞተር ምልክት ያለበት ብርቱካናማ መብራት ይበራል፤ አንዳንዴ የኤቢኤስ መብራትም አብሮ ይበራል።
• መብራት ላይ ለመቆም ሲቀርቡ ሞተሩ ይጠፋል።

ሦስተኛውን ምልክት ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ሳያውቅ ሲቀር ካምቢዮውን ለመጠበቅ ብሎ አንድ ማርሽ ላይ ሊያቆመው ይችላል። ነጂው የሚሰማው መኪናው ዳገት ሲከብደው፣ ሲነሳ ሲጎተት፣ ማርሽ ሲቀይር ሲመታ ነው። እንዲህ ያለ መኪና የነዳ ሰው «ካምቢዮው አልቋል» ቢል አይገርምም። ለአባቴም የተባለው ይኸው ነበር። አንድ ሙሳኽ መኪናውን አንድ ዙር ነድቶ «ጊሩ መቀየር አለበት፣ 6,500 ሸቀል ነው» አላቸው። መኪናው ራሱ ቢሸጥ ከዚያ የሚበልጥ አያወጣም። ኮምፒውተር አልተሰካም፣ ኮፈኑም አልተከፈተም።

ከሁሉ በፊት ደኅንነት

ፍጥነቱን የማያውቅ ሰው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ይገምታል፤ በተለይ ከሰፊ መንገድ ወጥቶ ሰፈር ሲገባ። በሰዓት 70 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በ50 ከሚያስፈልገው እጥፍ ገደማ ነው። እዚህ ሀገር ምልክቱ ሌላ ካላለ በከተማ ውስጥ 50፣ ከከተማ ውጭ መለያ አጥር በሌለው መንገድ 80፣ መለያ ባለው 90 ነው። ቆጣሪው ተበላሽቶ ነበር ማለት ከቅጣት አያድንም።

ኢየሩሳሌም ደግሞ ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። በምዕራብ በቃስቴልና በሻዓር ሃጋይ በኩል ወደ ታች ነው። በምሥራቅ ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ካለው ተነስቶ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ወደሚወርደው የሙት ባሕር ያስኬዳል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ቆጣሪ ሳይኖር መንዳት አደገኛ ነው።

ስለዚህ ቆጣሪው መንገድ ላይ ከሞተ፦ በቀኝ በኩል ይንዱ፣ ከፊት ካለው መኪና ርቀት ይጠብቁ፣ ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛ ማርሽ ይጠቀሙ። አብሮዎት ሰው ካለ በስልኩ ዌይዝን ከፍቶ ፍጥነቱን ይንገርዎ። ብቻዎን ከሆኑ ስልኩን ከመነሳትዎ በፊት በመያዣው ላይ ያድርጉት፤ እየነዱ በእጅ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። የፍሬን ወይም የኤቢኤስ መብራት አብሮ ከበራ፣ ሞተሩ ሲቆሙ የሚጠፋ ከሆነ ወይም መሪው ከከበደ መኪናውን አይንዱት፤ በመጫኛ ይወሰድ።

ምርመራው በየተራ

1ኛ፦ ከስልክ ጋር ማወዳደር። ገንዘብ አይጠይቅም። ሌላ ሰው ይዘው ቀጥ ባለ ሜዳ መንገድ ላይ ቆጣሪውንና ስልኩን ያወዳድሩ። ቆጣሪው ከስልኩ ጥቂት ከፍ ቢል ብልሽት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንብ ቁጥር 39 ቆጣሪ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ በላይ ግን ከእውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛና ተጨማሪ 4 ኪሎሜትር ድረስ ይፈቅዳል። ማለትም በእውነት 100 ሲሄዱ 114 ቢያሳይ እንኳ ከደንቡ አልወጣም። ቆጣሪው ከስልኩ በታች ካሳየ ግን ጎማው ይታይ፤ ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ ከተገጠመ መኪናው ከሚያሳየው በላይ ይፈጥናል።

2ኛ፦ ምልክቶቹን አንድ ላይ ማንበብ። አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ መርፌው ይሠራል ወይስ አይሠራም? የኪሎሜትር ቁጥሩ ይጨምራል? የትኞቹ መብራቶች በርተዋል? ማርሹ ይመታል? መቼ ጀመረ፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው ወይስ ጋራዥ ከገባ በኋላ? እኔ ታማሚዬን እንዲህ ነው የምጠይቀው፤ መልሱም ግማሹ ምርመራ ነው። መርፌው ሞቶ የኪሎሜትር ቁጥሩ እየጨመረ ከሆነ ምቱ ደርሷል ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ሰዓቶቹ ሰሌዳ ይዞራል። ሁለቱም ቆመው ማርሹም ከተዛባ ምቱ ራሱ ጠፍቷል፤ ጥርጣሬው ወደ ፊውዙ፣ ወደ ሽቦውና ወደ ሴንሰሩ ነው። የኤቢኤስ መብራት አብሮ ከበራ የጎማ ሴንሰር ይታይ።

3ኛ፦ ፊውዝ። በመኪናው መጽሐፍ ላይ የሰዓቶቹ ሰሌዳ ፊውዝ የትኛው እንደሆነ ተጽፏል። በብዙ መኪና አንድ ፊውዝ ብዙ ነገር ስለሚያገለግል ከቆጣሪው ጋር የነዳጅ ወይም የሙቀት መለኪያውም ከሞተ ፊውዙን ይጠርጥሩ። የሚቀየረው በዚያው የአምፔር ቁጥር ባለው ብቻ ነው። ከፍ ያለ ማስገባት ሽቦ ያቃጥላል። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ተነካክቷልና ለኤሌክትሪሺያን ይተዉት።

4ኛ፦ የኮምፒውተር ንባብ። ከመሪው በታች 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ። ከ1996 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ በተሸጡ አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ይህ ሶኬት ግዴታ ሆኗል። መካኒኩ መሣሪያውን ሲሰካ ኮድ ይወጣል። ፒ 0500 የፍጥነት ሴንሰሩ ምልክት ችግር አለበት ማለት ነው። ፒ 0503 ምቱ የሚቆራረጥ ወይም የሚዘል ነው ማለት ነው። ፒ 0720 ከካምቢዮው መውጫ ዘንግ ሴንሰር ጋር የተያያዘ ነው። ኮዱን ራስዎ ወረቀት ላይ ይጻፉት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ኮዱ የትኛው መሥመር እንደታመመ ይናገራል እንጂ ሴንሰሩ መቀየር አለበት አይልም። የተቆረጠ ሽቦም፣ የዛገ ሶኬትም፣ የሞተ ሴንሰርም ያው ፒ 0500 ይሰጣሉ። ሁለተኛ፣ ኮዱን አጥፍቶ መብራቱን ማጥፋት ጥገና አይደለም። ትኩሳትን በኪኒን አውርዶ በሽታውን እንደመተው ነው።

ይኸው መሣሪያ መኪናው እየሄደ የሚነበበውን ፍጥነትም ያሳያል። መካኒኩ ሲነዳ መሣሪያው ትክክለኛውን ፍጥነት ካሳየና መርፌው ዜሮ ላይ ከቀረ፣ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ሴንሰር ቢቀየር ገንዘብ መጣል ይሆናል።

5ኛ፦ ሶኬቱና ሽቦው። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው እዚህ ነው። ሴንሰሩ ያለበት ቦታ ሙቀት፣ ውሃ፣ ጭቃና ዘይት የሚደርስበት ነው። ሶኬቱ ሲነቀል ውስጡ አረንጓዴ ዝገት፣ እርጥበት ወይም የካምቢዮ ዘይት ይገኛል። ሽቦው ተልጦ፣ ተሰባብሮ ወይም በአይጥ ተበልቶ ይገኛል። በክረምት አይጥም ድመትም ሞቅ ያለ ሞተር ሥር ይተኛሉና ውጭ የሚያድር መኪና ይህ ያጋጥመዋል። ይህ ሥራ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። መኪና በክሪክ ብቻ አንስቶ ሥሩ መግባት ለማንም አይፈቀድም፤ ለአዛውንት ደግሞ አደራ!

6ኛ፦ ሴንሰሩ ራሱ። አሁን ነው ተራው። መካኒኩ በመልቲሜትር ይለካዋል። ሁለት ሽቦ ያለው ማግኔታዊ ሴንሰር ነው፤ ሲሽከረከር የራሱን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ውስጣዊ መከላከያውም በኦም ተለክቶ ከፋብሪካው ቁጥር ጋር ይወዳደራል። ሦስት ሽቦ ያለው በ1879 ኤድዊን ሆል ባገኘው የማግኔት ባሕርይ የሚሠራ ነው፤ አንዱ ሽቦ ኤሌክትሪክ ያመጣለታል፣ አንዱ መሬት ነው፣ አንዱ ምቱን ይወስዳል። ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ ባዶ ከሆነ ሴንሰሩ ጤነኛ ሆኖም አይሠራም። ኤሌክትሪክ ደርሶት፣ መሬቱም ተያይዞ፣ ጎማው ሲዞር ምት ካልላከ ግን ሞቷል፤ ይቀየር።

ሴንሰሩ ሲወጣ ጫፉን ያሳዩኝ ይበሉ። ማግኔት ስለሆነ ከካምቢዮው የሚወጣ የብረት ብናኝ ይይዛል። ጥቂት ጥቁር ጭቃ መሰል ነገር በጨርቅ ተጠርጎ አንዳንዴ ሴንሰሩ መልሶ ይሠራል። የሚታይ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን ካምቢዮው ውስጥ የሚፈጭ ነገር አለ፤ ያኔ ስለ ካምቢዮ መነጋገር ተገቢ ነው። በአንዳንድ አሮጌ መኪና ሴንሰሩ ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ጥርስ አለ፤ ጥርሱ ከተበላ ሴንሰሩ ደህና ሆኖ መርፌው ይዘላል፤ የሚቀየረው ጥርሱ ብቻ ነው።

7ኛ፦ የሰዓቶቹ ሰሌዳ። ምቱ እስከ ዳሽቦርዱ ደርሶ መርፌው ካልተነሳ ችግሩ ሰሌዳው ውስጥ ነው። ሙሉውን ከመቀየር በፊት የሚጠግን ሰው እንዳለ ይጠይቁ።

ሙሳኽ ሲገቡ

ብዙዎቻችን ሙሳኽ ስንገባ በዕብራይስጥ ስለምንቸገር «እሺ» ብለን እንወጣለን። ጥቂት ቃላት ማወቅ ይረዳል። የፍጥነት ሴንሰር ኻይሻን መሂሩት ይባላል። የኮምፒውተር ምርመራ ብዲካት ማኽሼቭ ነው። የዋጋ ግምት ሃጻዓት መኺር፣ የሥራ ካርድ ካርቲስ ዓቮዳ ነው። የፋብሪካው ዕቃ መኮሪ፣ ሌላ ድርጅት የሠራው ተመሳሳይ ዕቃ ኻሊፊ ይባላል። ለዚህ ዓይነት ብልሽት የሚሻለው ባለሙያ የመኪና ኤሌክትሪሺያን፣ ኻሽማላይ ሬኼቭ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ፦ «ኮዴም ብዲካ፣ አኻር ካኽ ቲኩን» ትርጉሙም «መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ጥገና» ነው።

ሙሳኽ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ሥራው የሚመራው በ2016 በወጣው የመኪና አገልግሎትና ሙያ ፈቃድ ሕግ ነው። ፈቃዱን ግድግዳው ላይ ይፈልጉ። ከዚያ እነዚህን ይጠይቁ፦

• የምርመራው ዋጋ ስንት ነው? ጥገናውን እዚያው ካሠራሁ ይቀነስልኛል?
• ምን ተገኘ? ኮዱንና የተለካውን በጽሑፍ ይስጡኝ።
• የዕቃው ዋጋ ስንት፣ የእጅ ሥራው ስንት? መኮሪ ነው ወይስ ኻሊፊ?
• ከተባለው ዋጋ የሚያልፍ ከሆነ ከመሥራታችሁ በፊት ደውሉልኝ።
• የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ መልሱልኝ።
• ዋስትናው ስንት ወር ወይም ስንት ኪሎሜትር ነው? ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ።

በሺዎች የሚቆጠር ሸቀል የሚጠይቅ ሥራ ከተባለ ሁለተኛ ሐሳብ ሳይሰሙ አይፈርሙ። ቀዶ ጥገና ሲታዘዝልን ሁለተኛ ሐኪም እንጠይቅ የለም ወይ? እንደዚያው ነው። ታልፒዮትና ጊቭዓት ሻኡል የኢንዱስትሪ አካባቢዎች ሙሳኾች ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለት ቦታ መጠየቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይዘው ይሂዱ። ማፈር አያስፈልግም።

ተታለልኩ የሚል ሰው ደረሰኙን፣ የዋጋ ግምቱንና አሮጌውን ዕቃ ይዞ ለትናንሽ ክሶች ወደተቋቋመው ፍርድ ቤት፣ ቤት ሚሽፓት ለትቪዖት ክታኖት፣ ማመልከት ይችላል። ጠበቃ አያስፈልግም፤ ወረቀት ግን ያስፈልጋል። ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ገንዘብ ማስረጃ የለውም።

በመኪና ለሚሠሩ

በቤት ለቤት እንክብካቤ፣ በጽዳት፣ በጥበቃና በማመላለስ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ መኪናው የእናንተ ከሆነ መብራቱ እንደበራ ዕለቱን ጻፉ፤ ወደ ዓመታዊው ቴስት ቀን አታቆዩት። ቴስት ሲቀርብ የሚጣደፍ ሰው የተባለውን ሁሉ ይከፍላል። መኪናው የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ብልሽቱን በቃል ብቻ አትናገሩ፤ በስልክ መልእክት ለኃላፊው ወይም ለቃጺን ቤቲሑት ላኩ፣ መልእክቱንም አታጥፉ። ያንን መኪና «ዝም ብለህ ንዳው» ብትባሉ የፍጥነት ቅጣቱም አደጋውም የሚመጣው በነጂው ላይ ነው።

የኪሎሜትር ቆጣሪው ቆሞ ከነበረም መኪናውን ስትሸጡ ለገዢው ንገሩ። ዘይት የሚቀየርበትን ጊዜም በቁጥሩ ሳይሆን በወር ቁጠሩት።

የአባቴ መኪና

ሁለተኛው ባለሙያ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። መሣሪያውን ሲሰካ ፒ 0500 ወጣ። ሴንሰሩን አልቀየረም። ሶኬቱን ነቀለ፣ ደረቅ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ ሲለካ ባዶ ሆነ። ሽቦውን በእጁ እየተከተለ ሄዶ ከባትሪው ሥር ጥርስ ያረፈበት ቦታ አገኘ፤ ሁለት ሽቦ ተበልቷል። ሽቦዎቹን ቀጥሎ፣ በመከላከያ ጠቅልሎ፣ ከሙቅ ቦታ አርቆ አሰራቸው። ኮዱን ካጠፋ በኋላ አባቴን አጠገቡ አስቀምጦ ነዳ። መርፌው ተነሳ፣ ማርሹም ሳይመታ ይቀይር ጀመር። ምርመራውና ሥራው 380 ሸቀል ሆነ። በሁለት ሰዓት አለቀ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን 6,500 ሸቀሉ ብቻ አልነበረም። አባቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሌሊት፣ ፍጥነታቸውን ሳያውቁ፣ ዓይኔ ጠፋ ብለው እየፈሩ ብቻቸውን ነዱ። በዚያው ሳምንት ኩፓት ሆሊም ወስጃቸው ዓይናቸው ተመረመረ። የመነጽሩ ቁጥር ተቀየረ፤ ሌላ ነገር አልተገኘም። መንጃ ፈቃዳቸውም ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ ዓይኑን መመርመር አለበት፤ ይህ ቆጣሪው ሠራም አልሠራም ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ብቻ ሳይሆን የመንገድ ምልክቱም፣ የአውቶቡሱ ቁጥርም ከደበዘዘ ጉዳዩ የዓይን ነው፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሌላው ሁሉ በደንብ እየታየ መርፌው ብቻ ከተኛ ጉዳዩ የመኪናው ነው። ሁለቱን ለመለየት ግን አንድ ሰው አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ማየት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ልጆችም ብትሆኑ በሚቀጥለው ጊዜ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር መኪና ውስጥ ስትቀመጡ ስልካችሁን አስቀምጡና አንዴ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። መርፌው ይንቀሳቀሳል? የበራ መብራት አለ? ካለ ሳትቆጡ፣ በቀስታ ጠይቁ።